የአጭር ሞገድ ታናሽ ራዲዮ፥ ተሸካሚዋና ሰሚዋ

ባለፈው ክረምት ከአንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ማኅበር አንድ ደብዳቤ ደርሶናል። ወጣቶቹ መኪና በማይገባባቸው ጣቢያዎች ላሉ የፕሮጀክት ሠራተኞች የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ሲያጠራቅሙ ቆይተዋል፤ አሁንም በገንዘቡ የራዲዮ አማተሮች የሚጠቀሙባቸውን፣ በትከሻ ቦርሳ የሚያዙትን የአጭር ሞገድ ራዲዮዎች ገዝተው ሊሰጡን አስበዋል። «ስንት ይበቃችኋል? ከየትኛውስ ዓይነት እንግዛ?» ሲሉ ጠይቀውናል። መልሱን ስላዘገየን ይቅርታ እንጠይቃለን። የዘገየነው ጥያቄው እንደሚመስለው ቀላል ስላልሆነና ከራሳችን ጉድለት ጋር ስለሚያፋጥጠን ነው። አሁን መልሱን ለሌሎች አጥቢያዎችና ለሥራ ባልደረቦቻችንም ይጠቅማል በማለት በትምህርት መልክ አቅርበነዋል።

አጭር ሞገድ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። በዕድሜ የገፉት አንባቢዎቻችን እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1977 ከአዲስ አበባ ይተላለፍ የነበረውን የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ያስታውሱታል። ጣቢያው እያንዳንዳቸው 100,000 ዋት ኃይል ያላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ነበሩት፤ ድምፁም በአፍሪካና በእስያ ይሰማ ነበር። ወጣቶቹ የጠየቁን ራዲዮ ግን 5 ወይም 10 ዋት ብቻ ነው የሚልከው። ያ ግዙፍ ማሠራጫና ይህች በመጽሐፍ መጠን ያለች ዕቃ የሚጠቀሙት ያንኑ የተፈጥሮ መንገድ ነው። ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ ወደ ሰማይ ሲወጣ፣ ከምድር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ የያዘ የአየር ንብር መልሶ ወደ ምድር ያጎብጠዋል። ተራራ አይከለክለውም፤ በመካከል የሚተክሉት ምሰሶም አያስፈልገውም። ጥቅሙ ይኸው ነው።

ልዩነቱ ብሥራተ ወንጌል ይናገር ነበር እንጂ መልስ አይቀበልም ነበር። የአማተሮቹ ራዲዮ ይልካልም፣ ይቀበላልም። ስለዚህ ራዲዮውን ተሸክሞ ከሚሄደው ሰው ሌላ በተወሰነው ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሁለተኛ ሰው የግድ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ እንለምናለን፤ ሰሚ ያልተቀጠረላት ራዲዮ ከቦርሳ ክብደት በቀር ምንም አይደለችምና።

ይህን ነገር ከእኛ በፊት የተማሩት ሰዎች አሉ። በአውስትራሊያ መካከለኛ በረሃ ጎረቤት ከጎረቤት በመቶ ኪሎ ሜትሮች ተራርቆ በሚኖርበት አገር፣ ጆን ፍሊን የተባለ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሐኪም የሌላቸውን ቤተሰቦች ነገር ያስጨንቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ከክሎንካሪ ከተማ የሚነሣ ሐኪም በአውሮፕላን መላክ ጀመረ። አውሮፕላኑ ቢኖርም በሽተኛው ያለበት ቤት ለሐኪሙ ምን አድርጎ ይንገረው? ቴሌፎን የለም፣ ኤሌክትሪክ የለም። አልፍሬድ ትሬገር የተባለው የራዲዮ አማተርና መሐንዲስ ከፍሊን ጋር ሆኖ በ1926 በሄርማንስበርግ የሉተራን ሚስዮን ጣቢያ ያደረገው ሙከራ በባትሪ የሚሠራ ነበር፤ ባትሪዎቹም ለዚያ አገር ኑሮ የማይመቹ እጅግ ከባድ ነበሩ።

ትሬገር ያገኘው መፍትሔ የብስክሌት መርገጫ ነበር። ሰው ጠረጴዛ ሥር የተተከለውን መርገጫ በእግሩ ሲያሽከረክር 20 ዋት ያህል ኃይል በ300 ቮልት ይወጣል፤ እጁ ደግሞ ለመልእክቱ ነጻ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ባለመርገጫ ራዲዮዎች እ.ኤ.አ. በ1929 በኩዊንስላንድ የከብት እርባታ ጣቢያዎች ተተከሉ። ነገር ግን ሌላ ችግር መጣ። መልእክቱ በሞርስ ነጥብና ሰረዝ የሚላክ በመሆኑ የቤቱ እመቤት ልጅዋ በትኩሳት ሲቃጠል እያየች ነጥብና ሰረዝ መቁጠር ነበረባት። ብዙዎች አልቻሉም። ትሬገር «ትምህርቱን ያጥኑ» ብሎ አልተዋቸውም፤ እንደ ጽሕፈት መኪና ፊደል ያለበት ሰሌዳ ሠራላቸው። ሴቲቱ ፊደሉን ስትጫን ማሽኑ ራሱ የሞርሱን ምልክት ይልክ ነበር። በክሎንካሪ ደግሞ የሚያዳምጥ ሰው ተቀምጧል። አውሮፕላኑም ባለሙያውም ራዲዮውም የተቀናጁት በዚያ በሚያዳምጠው ሰው ነው ብንል አንሳሳትም።

ዛሬ በእግር መርገጥ አያስፈልግም። በዓለም ዙሪያ ያሉ አማተሮች በቦርሳ ይዘው የሚወጡባቸው ራዲዮዎች ብዙ ናቸው፤ ጥቂቶቹን ብቻ እንጠቅሳለን። የጃፓኑ ያኤሱ ኩባንያ ከ2000 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ያወጣው ኤፍ ቲ 817 ክብደቱ አንድ ኪሎ ከትንሽ ነው፤ የሚልከውም 5 ዋት ነው። ብዙ ሰው የተማረበት ራዲዮ እርሱ ነው። በ2018 የተተካው ኤፍ ቲ 818 ወደ 6 ዋት ከፍ ብሏል፤ አሁን ግን መመረቱ ስለቆመ የሚገኘው ያገለገለው ነው። አይኮም የተባለው ሌላው የጃፓን ኩባንያ በ2020 ያወጣው አይ ሲ 705 በራሱ ባትሪ 5 ዋት፣ ከውጭ ባትሪ ጋር ሲያያዝ 10 ዋት ይልካል፤ ሞገዶቹንም በሥዕል መልክ በመስታወቱ ላይ ያሳያል። የካሊፎርኒያው ኤሌክራፍት ከ2016 ጀምሮ የሚሠራው ኬ ኤክስ 2 ያለ ባትሪ ከግማሽ ኪሎ በታች ነው። ከቻይና የመጣው ጂ 90 ደግሞ 20 ዋት ይልካል፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀንሳል። ከእነዚህ ውስጥ መጥፎ የምንለው የለም። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ሰዎች እንደሚያስቡት ብዙ የሚያጨቃጭቅ አይደለም፤ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው በአቅራቢያችሁ ያለበትን ግዙ እንላለን።

«5 ዋት ምን ያደርጋል?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከ5 ዋት ወደ 100 ዋት ብንወጣ ኃይሉ 20 እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ባትሪውም በዚያው ልክ ይከብዳል። በሚያዳምጠው ሰው ራዲዮ የምልክት መለኪያ ላይ ግን መርፌው የሚጨምረው ሁለት ደረጃ ከትንሽ ያህል ብቻ ነው። ሁለት ደረጃ ማለት ሁከት በበዛበት ሌሊት ሰምቶ ባለመስማት መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል፤ አንንቀውም። ነገር ግን ሽቦውን በሚገባው ቦታ መስቀል ከዚህ የበለጠ ያተርፋል፤ ክብደትም አይጨምርም።

ስለ ሽቦው ትንሽ ዘርዘር ብለን እንናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

አንድ ጊዜ ከቢሮአችን 140 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ ሸለቆ ውስጥ ራዲዮ ልንሞክር ወርደን ነበር። ከራዲዮው ጋር የመጣችውን፣ ቀጥ ብላ የምትቆመውን ዘንግ አንቴና ተክለን 14 ሜጋኸርዝ ላይ አዳመጥን። ከአውሮፓ የሚነጋገሩ ሰዎች እጎናችን እንዳሉ ሆነው ተሰሙ። ደስ አለን፤ አብረውን የወረዱ የአካባቢው ሽማግሌዎችም «የፈረንጅ አገር እንዲህ ቅርብ ነው እንዴ!» አሉ። ወዲያው ቢሮአችንን ጠራን። መልስ የለም። እንደገና ጠራን። ምንም የለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ልጆቼ፣ ሩቁን እየሰማችሁ ቅርቡን የማትሰሙት ነገሩ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን፤ እኛም በዚያን ሰዓት የምንመልሰው አልነበረንም።

መልሱ ይህ ነው። ቀጥ ብላ የምትቆም ዘንግ ድምፁን ወደ አድማስ ዝቅ አድርጋ ትወረውረዋለች። ዝቅ ብሎ የሄደው ሞገድ ከሰማይ ተመልሶ መሬት የሚነካው እጅግ ርቆ ነው፤ በመካከል ያለው አገር በሙሉ ይታለፋል። ኳስን አግድም ወደ ሩቅ ጣራ እንደ መወርወር ነው፤ ነጥራ የምትወርደው ከወርዋሪው ራቅ ብላ ነው። ኳሱ አጠገባችን እንዲወድቅ ከፈለግን ቀጥ አድርገን ወደ ላይ መወርወር አለብን። ለራዲዮም ይኸው ነው። ሽቦው አግድም ተዘርግቶ ከመሬት ሦስት ወይም አራት ሜትር ብቻ ከፍ ሲል፣ ሞገዱ ባመዛኙ ወደ ላይ ይወጣና ከ300 ኪሎ ሜትር በማያንስ ዙሪያ ላይ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ተራራም ሸለቆም አይለይም። ለዚህ የሚሆነው ሞገድ ዝቅ ያለው ነው፤ ቀን ቀን 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ሌሊት ደግሞ 3.5 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው። 14ቱን በዚህ መንገድ ብንልከው ብዙውን ጊዜ ሰማዩን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አይመለስም።

ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ዘንጓን ነቅለን ሽቦ ዘረጋን። ርዝመቱን ማስላት ማንም የሚችለው ነገር ነው፤ 143ን በሜጋኸርዙ ቁጥር ማካፈል ነው። ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ለሁለት ይከፈላል፤ አሥሩ ሜትር በአንድ ወገን፣ አሥሩ በሌላው ወገን፣ የራዲዮው ገመድ መካከል ላይ። ሁለቱን ጫፎች በሲባጎ ከባሕር ዛፍ ጋር አሰርናቸው። ሽቦው ወደ መሬት በቀረበ ቁጥር ጫፉን ጥቂት ማሳጠር ስለሚያስፈልግ ከራዲዮው ጋር ማስማሚያ ቢኖር ይረዳል። በ7 ሜጋኸርዝ ስንጠራ የቢሮአችን ሠራተኛ ወዲያው መለሰ፤ እንዲያውም «ለምን ትላንት አልጠራችሁኝም?» ብሎ ወቀሰን። ያ ሽቦ በገበያ ከምሳ ዋጋ አይበልጥም። ሽቦ ስትዘረጉ የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ አትቅረቡ፤ መብረቅ ሲጀምርም ገመዱን ከራዲዮው ንቀሉ።

ስለ ባትሪ አጭር ስሌት እንስጥ። አንድ የ5 ዋት ራዲዮ ሲያዳምጥ 0.4 አምፔር ያህል፣ ሲልክ ደግሞ እስከ 2 አምፔር ይበላል። ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት ተከፍቶ ከዚያ ውስጥ አሥር ደቂቃ ብቻ ብንናገር በቀን አንድ አምፔር ሰዓት አይሞላም። እንግዲህ 6 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለ ሶላር ከሳምንት በላይ ይቆያል። ራዲዮውን «ማን ያውቃል፣ ቢጠሩንስ» ብለን ቀኑን ሙሉ ከፍተን ብንተወው ግን ያው ባትሪ ማታ ሳይደርስ ሊያልቅ ይቀርባል። የተወሰነ የቀጠሮ ሰዓት የሚያስፈልገው ለሥርዓት ብቻ ሳይሆን ለባትሪውም ጭምር ነው። ዓይነቱን በሚመለከት ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለው ይመረጣል፤ ከመኪና ባትሪ እጅግ ይቀላል፣ ሳይሞላ ሲቀመጥም እንደ እርሱ ፈጥኖ አይበላሽም። ሆኖም ማንኛውም ባትሪ በየወሩ ካልታየ አይታመንም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉድለት እንምጣ። ለደብዳቤው መልስ ያዘገየነው በዚህ ምክንያት መሆኑን አስቀድመን ተናግረናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባልደረቦቻችን አንዱ የአማተር ፈቃድ ያለው ወንድም ስለነበር ከነራዲዮው ወደ አንድ ጣቢያ ተመድቦ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየቀኑ እንገናኝ ነበር። በኋላ እርሱ ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወር ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው ሳናዘጋጅ፣ ራዲዮውን «ለክፉ ቀን ይቀመጥ» ብለን ሣጥን ውስጥ ቆለፍነው። ሰባት ወር ተቀመጠ። በክረምቱ መካከል ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ወሰደው፤ በዚያው ሳምንት አንዲት ምጥ የያዛት እናት ሁለት ቀን ሳትገላገል ቆየች። ያ ወንድም አጋጣሚ ሆኖ ለጉብኝት እዚያው ነበር። ሣጥኑን ሲከፍት ባትሪው ሞቷል። ሽቦውን ሲፈልግ ደግሞ ከሁለቱ ክንዶች አንዱ የለም። ወጥ ቤት ካሉት እናት ግቢ የልብስ ማስጫ ሆኖ አገኘው። «ሥራ ፈትቶ ሳየው ጊዜ ነው፣ ልጄ፤ የሚፈለግ አልመሰለኝም» አሉት። እርሳቸው ምን ጥፋት አለባቸው? ሰባት ወር ሥራ ያስፈታነው እኛ ነን።

በዚያን ሰዓት መኪናችን ከላይኛው መሻገሪያ በኩል ቆሞ ይጠብቅ ነበር። የመንደሩ ሰዎች ይህን የሚያውቁበት መንገድ ስላልነበራቸው እናቲቱን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ታችኛው መሻገሪያ ወረዱ። እዚያ ማንም አልነበረም። ተመልሰው ሽቅብ ሲወጡ መሸባቸው። «በላይኛው በኩል ኑ» የሚለው ቃል ለመናገር ከአንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እናቲቱ በሕይወት ተርፋለች፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም።

ይህን የምንጽፈው ራዲዮው ቢሠራ ኖሮ ሕፃኑ ይተርፍ ነበር ለማለት አይደለም፤ ያን እግዚአብሔር ያውቃል። የዚያን ቀን የጎደለን ግን ዕቃ እንዳልሆነ እናንተም ታያላችሁ። ጥሩ ራዲዮ ነበረን። ያልነበረን በየሳምንቱ የሚከፍተው ሰው፣ በዚያም በኩል በሰዓቱ የሚያዳምጠው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2017 ማሪያ የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ በደሴቲቱ የነበሩት የሞባይል ስልክ ጣቢያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ጸጥ ብለው ነበር። የአሜሪካ ቀይ መስቀል በዚያን ጊዜ የአገሪቱን የራዲዮ አማተሮች ማኅበር የጠየቀው በመጀመሪያ ሃምሳ ራዲዮ አልነበረም፤ ሃምሳ ሰው ነው እንጂ። ከሃያ የሚበልጡ በጎ ፈቃደኞች መሣሪያቸውን ይዘው ሄዱ። ሥራቸው ተብሎ ከታሰበው አንዱ የተረፉ ሰዎችን መልእክት ለቤተሰቦቻቸው ማድረስ ነበር። በአጭር ጊዜ ውስጥ ተነሥተው ሊሄዱ የቻሉት ለዓመታት በየሳምንቱ እየተጠራሩ ስለተለማመዱ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ሊያሠለጥናቸው ጊዜ አልነበረውም።

ወጣቶቹ ምናልባት ያላሰቡት ሌላ ነገር ሕጉ ነው። የአማተር ራዲዮ አገልግሎት በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብ ለራስ ማሠልጠኛ፣ ለእርስ በርስ ግንኙነትና ለምርምር የተፈቀደ፣ የገንዘብ ጥቅም የሌለበት አገልግሎት ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው ፈተና ላለፈ ሰው ነው፤ ያ ሰው የጥሪ ምልክት ይሰጠዋል። ስለዚህ ፕሮጀክታችን የዕለት ሥራውን፣ የእህል ማጓጓዣውን፣ የደመወዙንና የነዳጁን ነገር በአማተር ሞገድ ሊነጋገርበት አይገባም። ለዚህ ሥራ ድርጅቶች ለራሳቸው የተመደበ ሞገድና የተለየ ፈቃድ ይወስዳሉ፤ መሣሪያውም ሌላ ነው። አማተሮች ከአገር ወደ አገር የሌላን ሰው መልእክት እንዲያደርሱ ደንቡ የሚፈቅደው በአደጋ ጊዜና ለአደጋ ዕርዳታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተሻሻለው ደንብ ደግሞ መንግሥታት አማተሮችን ለዚህ ዓይነቱ ጊዜ አስቀድመው እንዲያዘጋጁ ያበረታታል። በዚያው ጊዜ የሞርስ ፈተና ግዴታነቱ ቀርቶ ለየአገሩ ውሳኔ ተተውቷል፤ በዚህም ምክንያት የመግቢያው በር ከቀድሞው ሰፍቷል።

በአገራችን የራዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን የሚቆጣጠረው በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ አዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ ሳይያዝ መላኪያ ራዲዮ በሻንጣ ማስገባት ለሰጪውም ለተቀባዩም ችግር ያመጣል፤ ስጦታ መሆኑ አያድነውም። በውጭ አገር ያላችሁ ወዳጆቻችን ይህን ልብ እንድትሉልን አጥብቀን እንለምናለን። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በሚል የጥሪ ምልክት በዓለም የታወቀ የአማተር ክበብ ጣቢያ እንዳለ ደግሞ ብዙዎቻችሁ አታውቁም ብለን እንገምታለን። «ኢ ቲ» የኢትዮጵያ መለያ ነው።

ሕጉ መልእክቱ በግልጽ ቋንቋ እንዲሆንም ያዛል፤ ትርጉሙን ለመሰወር በምሥጢር ቃል መነጋገር አይፈቀድም። ማንም ይሰማል ማለት ነው። ስለዚህ የበሽተኛን ስም፣ ገንዘብ የሚጓዝበትን ቀንና መንገድ በራዲዮ አንናገርም። ከዚህ ጋር አንድ የቋንቋችንን ነገር እናንሣ። ጩኸት በበዛበት ሞገድ ላይ «ሰባ» እና «ሰባት» አይለዩም። ሰባት ቃሬዛ ብላችሁ ሰባ ሊደርስ፣ ሰባ ብርድ ልብስ ብላችሁ ሰባት ሊደርስ ይችላል። ቁጥርን አሃዝ በአሃዝ ተናገሩ፤ «ሰባት ዜሮ» በሉ። የሰማው ሰው ጽፎ መልሶ ያንብብ፤ ተናጋሪው «ትክክል ነው» ካላለ መልእክቱ እንዳልደረሰ ይቆጠር። ይህ ሥርዓት ሲለማመዱት ያሰለቻል፤ በሌሊትና በዝናብ ግን ሰው የሚያስታውሰው የሰለቸውን ነገር ብቻ ነው።

እንግዲህ ለወጣቶቹ የምንሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። ራዲዮዎቹን አሁን አትግዙልን። ከመካከላችሁ ሁለት ሰው፣ ከሠራተኞቻችንም ሁለት ሰው ይመረጡ፤ ትዕግሥት ያላቸው እንጂ የግድ ኤሌክትሪክ የተማሩ መሆን የለባቸውም። ከገንዘቡ ጥቂቱ መላክ የማይችል፣ የሚቀበል ብቻ የአጭር ሞገድ ራዲዮ ይግዛ፤ ለስድስት ወር በየማታው አንድ ሰዓት ያዳምጡ፣ የሰሙትንም ቀኑንና ሰዓቱን እየጻፉ በደብተር ያስፍሩ። ማዳመጥን ያልተማረ ሰው መናገርን ቢማር ለማንም አይጠቅምም። ከዚያ በኋላ ለፈቃድ የሚያስፈልገውን ትምህርትና ማመልከቻ አብረን እንከታተላለን። ፈቃዱ ሲገኝ ሁለት ራዲዮ ይበቃል፤ አንዱ በጣቢያው፣ አንዱ በሰሚው ዘንድ። የቀረው ገንዘብ ለባትሪ፣ ለሽቦና ለጉዞ ይቀመጥ። የዕለት ሥራችንን መገናኛ ደግሞ ቢሮአችን በራሱ በጀትና በራሱ ፈቃድ ያዘጋጃል፤ ያን ሸክም እናንተ ላይ አንጭንም።

ይህ መልስ አንዳንዶቻችሁን ቅር ሊያሰኝ እንደሚችል እናውቃለን። ዕቃ ገዝቶ ፎቶግራፍ አንሥቶ መላክ ደስ ያሰኛል፤ ሰው ለስድስት ወር በጨለማ ተቀምጦ ሲያዳምጥ የሚነሣ ፎቶግራፍ ግን የለም።

ራዲዮ ቀድሞ ለደረሳቸው ጣቢያዎች የሚሆን ልምምድ ከዚህ በታች እንሰጣለን። በወር አንድ ቀን፣ ቢቻል ከመሸ በኋላ፣ ቦርሳውን ይዛችሁ ከቢሮ ውጡ። አንቴናውን የሚዘረጋው የራዲዮው ባለቤት አይሁን፤ እርሱ ቆሞ ይመልከት፣ ሌላ ሰው በባትሪ መብራት ይዘርጋ። ቦርሳው ከተከፈተበት ጊዜ አንሥቶ ሽቦው እስኪሰቀል ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፉ። ፈቃድ ያለው ሰው በቀጠሮው ሰዓት ይጥራ፤ ሰሚው ካልመለሰ በስልክ አታስታውሱት፣ ለምን እንዳልመለሰ በማግሥቱ ጠይቁት እንጂ። ሁለት ቁጥር ያለበት አጭር መልእክት ልካችሁ መልሶ ሲያነብ ስሙት። የባትሪውን ቮልት ለኩና በቦርሳው ላይ ባንጠለጠላችሁት ካርድ ከነቀኑ መዝግቡ። ሽቦውን ስትጠቀልሉ ሁለቱም ክንዶች መኖራቸውን ቁጠሩ፤ የልብስ ማስጫ የሚያስፈልጋቸው እናት በግቢው ካሉ ሌላ ገመድ ግዙላቸው። ሲባጎውን በመጨረሻ፣ ከሁሉ በላይ አድርጋችሁ አስገቡት፤ ቦርሳው ሲከፈት መጀመሪያ የሚፈለገው እርሱ ነውና።